ሰሌዳው በእኔ ዑህዳ ነው

ነጅዕ አስ-ሰንጥ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018

ለእህቴ ልጅ ለዋጂህ፤

የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ሲሳይህን ያስፋልህ፣ ከክፉ ጎረቤትና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። እናትህ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ አፏን ግን አላመማትም፤ ቀኑን ሙሉ ስለ አንተ ስታወራ ትውላለች።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትለኝ ይሆናል። በስልክ ስጠይቅህ «እሺ አክስቴ፣ ነገ አክስቴ» ትልና መስመሩ ይቆረጣል። ወረቀት አይቆረጥም። ይህንን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን የሐጅ ዲያብ ልጅ ነው፤ ለሥራ ወደ ሻርጃ ይመላለሳል። መልሱንም በሰው ላክልኝ።

ባለፈው ሳምንት ለአምስት ቀን ሥልጠና ብለው ከተማ ወሰዱን። «መምህሩና ቴክኖሎጂ በክፍል ውስጥ» ይላል በሩ ላይ የሰቀሉት ጨርቅ። አርባ መምህራን ነን፤ ግማሾቻችን እንደኔ የዓመቱን ማለቅ የምንጠብቅ ጡረታ ወጪዎች። በሙቀቱ፣ በሚኒባስ ተጠቅጥቀን፣ አንዱ የአንዱን ላብ እያሸተተ ሄድን።

አንድም ኮምፒውተር አልነበረም ዋጂህ። አንድም! ለእኛ የታደለን የሰሌዳው ሥዕል የታተመበት ወረቀት ነው። አሠልጣኙ ፂሙን የተስተካከለ፣ ጫማው የሾለ ልጅ ነው። «እዚህ ጋ ይጫኑ» ይለናል። አርባ ሽማግሌና አሮጊት ወረቀት በጣታችን እንጫናለን። «አሁን ምን ተከፈተ?» ይላል ደግሞ። ምን ይከፈታል? የሒሳቡ ኡስታዝ ኸለፍ «ሆዴ ተከፈተ፤ ምሳ በስንት ሰዓት ነው?» አለው። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አስጠላኝ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ያስተማርኩ ሴትዮ ቁጭ ብዬ ወረቀት ስጎረጉር ራሴን አየሁት።

የአምስቱን ቀን መገኛ ፊርማ ያስፈረሙን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግማሹ ሰው ገበያውን ሲዞር ዋለ። እኔ ግን አልቀረሁም፤ የፈረምኩበት ነገር ላይ መቅረት አልችልም። በአራተኛው ቀን አንድ የቡድን ሥራ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

በመጨረሻው ቀን ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሰርተፊኬት ሰጡን። «በላቀ ውጤት» ይላል። ግርጌው ላይ የዝግጅቱ ኃላፊ ፊርማ አለ። ስሙን ሳላነብ ፊርማውን አወቅኩት። የስምህ መጀመሪያ የሆነችውን ዋው የምትባለዋን ፊደል ጭራዋን ወደ ላይ ጠምዝዞ የሚመልስ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ ስድስት ዓመትህ ላይ ያንን ጭራ ላስተውህ ብዬ ጣትህን እያየሁ አንድ ክረምት አሳልፌያለሁ።

«ሻርጃ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ» ስትለን ይህንን ነው የምትሠራው? በወረቀት መልስልኝ።

አክስትህ ኢንሺራህ

⁂

ሻርጃ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2018

እጅግ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለመምህርት ኢንሺራህ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጥላዎን ከላያችን አያንሳ። የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ ቃላት አይገልጹትም።

ሥልጠናውን በተመለከተ የሰጡኝን ገንቢ አስተያየት በአክብሮት ተቀብያለሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ትኩረታችን የአመለካከት ለውጥ ላይ ስለነበር የመሣሪያ አቅርቦት ለቀጣዩ ምዕራፍ ታቅዷል። መምህራኑ ከቴክኖሎጂ ጋር በሥነ ልቦና እንዲላመዱ ማድረግ የአቅም ግንባታው ዋና ምሰሶ ነው።

አክስቴ፣ ትምህርት ቤታችሁ አዲስ ስማርት ቦርድ እንደደረሰው መዝገቤ ላይ አይቻለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ! ሁለት ነገር ላስቸግርዎ። አንደኛ፣ ሰሌዳው በሥራ ላይ ሆኖ፣ ተማሪዎች ከበውት፣ አንድ ሁለት ፎቶ። ሁለተኛ፣ ሕይወትዎ እንዴት እንደተቀየረ የሚገልጽ አጭር ምስክርነት፤ ሦስት አራት መስመር ይበቃል። በዲሴምበር ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ የእኔም ውል የሚታደሰው በእነሱ ቃል ነው።

ለሚያመጣልኝ ሰው ትንሽ ከርከዴ ይስጡልኝ። እዚህ የሚሸጠው ቀለም እንጂ ከርከዴ አይደለም።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ ዋጂህ

⁂

ነጅዕ አስ-ሰንጥ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 2018

ለዋጂህ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ምላስህን ከዚህ አዲስ በሽታ ይፈውስልህ።

የላክኸውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእናትህም አነበብኩላት። «የአመለካከት ለውጥ ማለት ምንድነው?» አለችኝ። «ኮምፒውተር የለም ማለት ነው» አልኳት። ደብዳቤውን ማሽን ጽፎታል፣ ፊርማውንም ማሽን ፈርሞታል፤ በጣቴ ሳሸው ቀለሙ አይሰማም። ለማሽን መልስ የምሰጠው ለዛሬ ብቻ ነው። ከእንግዲህ በእጅህ ካልጻፍክ አላነበውም፤ ያስተማርኩህ ለዚህ ነው።

ስለ ሰሌዳው ጠይቀሃል። አዎ መጥቷል። እቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩት ወንበሮች ጀርባ፣ በፕላስቲኩ እንደተጠቀለለ የመስኮቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አቧራው ፕላስቲኩን ከመሸፈኑ የተነሳ ልጃገረዶቹ በመስኮት እጃቸውን አስገብተው በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉበታል። እስካሁን የሰጠው አገልግሎት ይሄ ነው።

ለምን አይከፈትም እንዳትለኝ። ዑህዳን ረሳኸው? እዚያ ሰው ነገር ሲበላሽበት አዲስ ይገዛል አሉ። እዚህ ግን አንድ ዕቃ ከእቃ ቤት ሲወጣ አንድ ሰው «በእጄ ነው» ብሎ ይፈርማል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጭረቱም ስብራቱም በዚያ ሰው አንገት ነው። ጡረታ ስትወጣ ደግሞ የፈረምክበትን ሁሉ ቆጥረህ ካላስረከብክ ክሊራንስ አይሰጥህም፤ ያለ ክሊራንስ ጡረታ የለም። ኡስታዝ ፊክሪን ታስታውሰዋለህ፣ ሳይንስ ያስተማረህን። የሞተው በማይክሮስኮፕ ዑህዳ ላይ ሆኖ ነው። አንዷ መስታወት ጎደለች ብለው ሚስቱ ስምንት ወር የቢሮ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከረመች። መስታወቷ በኋላ የተገኘችው እዚያው ዕቃ ቤት፣ የማይክሮስኮፑ ሣጥን ሥር ነው።

ስለዚህ ሁላችንም ሠልጥነናል፣ ሁላችንም «በላቀ ውጤት» ተመርቀናል፣ የሚፈርም ግን የለም። ርእሰ መምህሩ እኔ አስተዳዳሪ ነኝ አይመለከተኝም ይላል። ኸለፍ ስድስት ልጅ አለኝ ይላል። ሽማግሌው የእቃ ቤት ኃላፊ ዐም ሸኑዳ ደግሞ መዝገቡን ደረቱ ላይ አቅፎ «ፊርማ ያለው ይምጣ፣ ፊርማ የሌለው ይሂድ» ይላል። ከዚያ ሰውዬ ጋር ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጠመኔ እንኳ ሳያስፈርም ሰጥቶኝ አያውቅም።

ፎቶ ፈልገህ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ርእሰ መምህሩ ልጃገረዶቹን እቃ ቤት በር ላይ አሰልፎ፣ ሰሌዳውን ከነፕላስቲኩ አስወጥቶ «ሳቁ!» ብሎ ፎቶ አነሳቸው። ሰሌዳው ወዲያው ተመልሶ ገባ። አንዷ ልጅ «አብላ መምህርት፣ እሱ ነው እንዴ ትምህርቱ?» ብላ ጠየቀችኝ። አፈርኩ። ፎቶውን ከፈለግክ ከእሱ ጠይቅ፤ እኔ አልልክም።

ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ቀርቶኛል። አልፈርምም። ከርከዴውን ልኬልሃለሁ።

አክስትህ

⁂

ሻርጃ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2018

ውድ አክስቴ፤

አላህ ይጠብቅልኝ። ይኸው በእጄ ጻፍኩ፤ ከፈተና ወረቀት ወዲህ እስክሪብቶ ይዤ አላውቅም፤ ጣቴን ቁርጥማት ያዘው። ከርከዴው ደርሶኛል፤ ቢሮው ሁሉ ጠጥቶ አመሰገነ።

ግልጹን ልንገርዎት። ሃያ ትምህርት ቤት ውስጥ ሃያ ሰሌዳ አለ። ሃያውም በፕላስቲክ ነው። ገምጋሚዎቹ ዲሴምበር ሃያ ቀን ይመጣሉ፤ አንድ እንኳ የተከፈተ ካላዩ ውሌ አይታደስም፤ ውሌ ካልታደሰ መኖሪያ ፈቃዴም ያልቃል። ሚስቴ ደግሞ ፀንሳለች። እርስዎ ካልረዱኝ ማን ይረዳኛል? ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።

ይፈርሙልኝ። የዑህዳውን ነገር አይፍሩ። ሰሌዳው አምስት ዓመት ዋስትና አለው፤ ፕሮግራሙም ለአምስት ዓመት ተከፍሎበታል። ምንም አይሆንም። ቢሆን እንኳ እኔ አለሁ። እንዲያውም ይኸው ለዐም ሸኑዳ ያንብቡለት፦ ሰሌዳው በእኔ ዑህዳ ነው። ቢጫር፣ ቢሰበር፣ ቢቃጠል፣ ቢጠፋ በእኔ በዋጂህ አንገት ነው። ያንን ሽማግሌ አውቀዋለሁና የመታወቂያ ቁጥሬንም ጽፌለታለሁ፣ እንዳያኮርፈኝ። በልጅነቴ ለአንድ ኳስ ሦስት ቦታ ያስፈረመኝ ሰው ነው!

ይስቁ እንጂ አክስቴ። እባክዎን ይፈርሙልኝ።

የእርስዎው ዋጂህ
(ፊርማዬን ከነጭራዋ ፈርሜያለሁ፤ ይዩልኝ)

⁂

ነጅዕ አስ-ሰንጥ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2019

ለዋጂህ፤

አላህ የሚስትህን ፅንስ በሰላም ያውጣ። ከዚህ ምርቃት በኋላ የሚመጣው እንደማይጥምህ አስቀድሜ ልንገርህ።

ፈረምኩ። እናትህ ሦስት ቀን አልቅሳብኝ ነው የፈረምኩት። ደብዳቤህን ለዐም ሸኑዳ አነበብኩለት፤ አልሳቀም። «ይስጡኝ እስኪ» ብሎ ተቀበለኝና መነጽሩን አውልቆ፣ ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ለጥፎ አነበበውና መለሰልኝ። «ይህቺን አይጣሏት አብላ» አለኝ።

ገምጋሚዎችህ መጥተው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆመው፣ ፎቶ አንስተው፣ የርእሰ መምህሩን ሻይ ጠጥተው ሄዱ። አንዱም ለልጆቹ «ምን ተማራችሁ?» አላለም።

እውነቱን መናገር ስላለብኝ ግን እናገራለሁ። ከእነሱ በኋላ ሰሌዳው ጥሩ ነበር። ወረቀት መጫን ያስተማረኝ ልጅ ምንም ስላላስተማረኝ፣ በሥልጠናው የሰጣችሁንን መጽሐፍ ገልጬ ለራሴ ተማርኩ። ናይልን ከላይ ሆነን አየነው፤ ከጣና ተነስተን፣ ካርቱም ላይ ሁለቱ ውሃዎች ተገናኝተው፣ እኛ መንደር ድረስ። ልጃገረዶቹ የመንደራችንን የዶም ዛፎች ሲያዩ ጮኹ። አንዷ የቤታቸውን ጣሪያ አግኝታ «የእናቴ ልብስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል!» አለች። ደስ አለኝ። ደስ ያለኝን አልደብቅም።

ግን መጽሐፉን ስገልጥ ገጽ አርባ አንድ ላይ ደረስኩ።

ስለ አራተኛው ቀን የቡድን ሥራ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። በል ስማ። «ምሳሌ፦ ኋላ ቀር አቀራረብ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህርት ኢ. የወንዝ ካርታ ለማስተማር ተማሪዎቿን ወደ ግቢ ታወጣለች። በማሰሮ ውሃ አፈር ላይ እያፈሰሰች ወንዝ ትሠራለች። ልብስ ይቆሽሻል፣ ጊዜ ይባክናል፣ ጭቃ ይሆናል። በቡድን ተወያይታችሁ የመምህርቷን ስሕተቶች ዘርዝሩ።»

የቡድናችን ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ሰባት ስሕተት አወጣን። ቆሜ፣ በገዛ አፌ፣ አንድ ሁለት እያልኩ አነበብኩ። አጨበጨቡልኝ። ኸለፍ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ አውቆታል።

ያንን ማሰሮ ይዘህ ግቢው ውስጥ ጣና ባልነው ቦታ ላይ የቆምከው አንተ ነበርክ፣ ዋጂህ። ሰባት ዓመትህ ነበር። «አክስቴ ሱዳን ደረሰ! አክስቴ አስዋን ደረሰ!» እያልክ ከውሃው ጋር ስትሮጥ ጉልበትህ ድረስ ጭቃ ሆነህ እናትህ ገረፈችህ፤ ያስጣልኩህ እኔ ነኝ። ከአንተ በቀር ይህንን ታሪክ ለድርጅትህ ማን ይነግረዋል? ሸጥከኝ ልበል? ሸጥከኝ። መሸጡንስ ሽጠኝ፣ ግን ስሜን በአንድ ፊደል ሸፍነህ ለእኔው ለራሴ መልሰህ ታስነብበኛለህ? ንዴቴ ብጽፍም አልወጣልኝ አለ።

ያንን ገጽ ማን ጻፈው? ይህንን ብቻ መልስልኝ።

ኢንሺራህ

⁂

ሻርጃ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2019

እጅግ ለማከብርዎት አክስቴ፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጊዜ ስላጠረኝ በኮምፒውተር በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መጽሐፉ በባለሙያዎች ኮሚቴ የተዘጋጀ ነው። የተለያዩ ግብዓቶች ከተለያዩ ምንጮች ተሰባስበዋል። የትኛውም ምሳሌ የተለየ ግለሰብን አይመለከትም።

በእርስዎ እርዳታ ውሌ ታድሷል፤ አልሐምዱሊላህ፣ የክፍል ኃላፊም ሆኛለሁ። ያሳተምነውን በራሪ ወረቀት አያይዤ ልኬአለሁ፤ ፎቶዎ ሽፋኑ ላይ ነው። ለእርስዎና ለእናቴ ቸኮሌት አለ፤ እንዳይቀልጥ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት።

አክባሪዎ ዋጂህ

⁂

ነጅዕ አስ-ሰንጥ፣ ማርች 21 ቀን 2019

ዋጂህ፤

ሰላም ላንተ።

ቸኮሌቱ ቀልጦ ነው የደረሰው። እናትህ በማንኪያ በላችው።

በራሪ ወረቀቱን አየሁት። ሽፋኑ ላይ እስቃለሁ፤ ከፎቶዬ ሥር «ድሮ ተማሪዎቼን አሰለች ነበር፤ ዛሬ ግን ሕይወቴ ተቀይሯል — መምህርት ኢንሺራህ» ይላል። መቼ ነው እንዲህ ያልኩት? በአላህ ይሁንብህ፣ መቼ ነው? ለገጽ አርባ አንድ ስሜ በአንድ ፊደል ነበር፤ ለውሸቱ ጊዜ ሙሉ ስሜ ተገኘ። ልጃገረዶቹ አንብበው «አብላ፣ አንቺ አሰልችተሽን አታውቂም» አሉኝ። እነሱን ማየት አቃተኝ።

ይህ ግን አሁን ይቆይ። ዋናው ነገር ሌላ ነው።

ማርች አሥራ ሦስት ቀን ሰሌዳውን ስከፍት ጥቁር ሆኖ መጣ። መሃሉ ላይ «የተፈቀደልዎ የሙከራ ጊዜ አብቅቷል። ፈቃድዎን ያድሱ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው። ለሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ደወልን፤ እነሱ ከፕላስቲኩ ስላላወጡት አያውቁም። የሙከራ ጊዜ! አምስት ዓመት ተከፍሎበታል ያልከኝ ሦስት ወር ሆነ።

ዐም ሸኑዳ መጥቶ አየ። ጽሑፉን አነበበ። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ ከስሜ ጎን «በእጇ ሳለ መሥራት አቆመ» ብሎ ጻፈ። «ዐም ሸኑዳ፣ አልተበላሸም እኮ፣ ተዘጋ እንጂ» አልኩት። «አብላ፣ መዝገቤ ሁለት ነገር ነው የሚያውቀው፤ ይሠራል፣ አይሠራም» አለኝ። እሱን አልቀየምኩትም። ውሸት አልጻፈም።

ጁን ላይ ጡረታ እወጣለሁ። ይህ ጽሑፍ ካልተነሳ ክሊራንስ የለም። ሠላሳ ሰባት ዓመት አንድ ዋንጫ እንኳ ሳይጎድልብኝ ኖሬ በመጨረሻዎቹ ወራት እንደ ፊክሪ ሚስት ደረጃ ልወጣና ልወርድ ነው።

ከአንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። አንድ ወረቀት ነው። «ሰሌዳው አልተበላሸም፤ ድርጅታችን የሰጠው ፈቃድ ለሦስት ወር ብቻ ስለነበር ራሱ ዘጋ» ብለህ ጻፍ፣ ከሥሩ ፈርም። ሦስት መስመር። አንተ ከእኔ ሦስት መስመር ምስክርነት ጠይቀኸኝ አልነበረም?

ኢንሺራህ

⁂

ነጅዕ አስ-ሰንጥ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 2019

ዋጂህ፤

አርባ ቀን ሆነ። የሐጅ ዲያብ ልጅ ደብዳቤውን በእጅህ እንደሰጠህ፣ ቆመህ እንዳነበብከው፣ ኪስህ እንደከተትከው ነግሮኛል።

ትናንት ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ነበር። አንዲት ጥርሷን የምትፍቅ ልጅ «ሴትዮ፣ ያበላሸሽውን አሠሪና ነይ» አለችኝ። ሴትዮ! የራሷ እናት ተማሪዬ ነበረች።

ሦስት መስመር።

ኢንሺራህ

⁂

ሻርጃ፣ ሜይ 19 ቀን 2019

አክስቴ፤

ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። ስሟን በእርስዎ ስም ኢንሺራህ ብዬ ላወጣ አስቤ ነበር፤ ሚስቴ ግን ሌላ መረጠች።

ያንን ወረቀት ልጽፍልዎት አልችልም። ለገምጋሚዎቹ ያስረከብነው ሪፖርት አምስት ዓመት ይላል። እኔ ሦስት ወር ብዬ ብፈርም እኔው በእጄ ራሴን ማባረሬ ነው። እርስዎ ደግሞ የሚወጡት ወደ ጡረታ ነው፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ያስተውሉልኝ።

በፖስታው ውስጥ ያለው ለጥገናው ከበቂ በላይ ነው። «አሠራሁት» ይበሉና ያስረክቡ፤ ማንም አይጠይቅም። የቀረውን ለራስዎ። እባክዎን ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎትን ደብዳቤዎች ሁሉ ያቃጥሉልኝ።

(ይህንን ደብዳቤ ሳልፈርምበት የተውኩት ሆን ብዬ ነው፤ አይቀየሙኝ)

⁂

ነጅዕ አስ-ሰንጥ፣ ጁን 27 ቀን 2019

ለእህቴ ልጅ ለዋጂህ፤

የአላህ ሰላም ላንተ፣ ለሚስትህና ለአዲሷ ሕፃን ይሁን። ስሜ እንኳንም አልወጣላት። አላህ ጤና ያድርጋት፣ ስትጽፍ በእጇ የምትጽፍ ያድርጋት።

ፖስታህ ሲደርሰኝ እናትህ ፊት ከፈትኩት። ገንዘቡን አይታ «ይኸው ልጄ! አልረሳንም!» አለች። ደብዳቤውን አነበብኩላት። ያቺ አፏን አሟት የማያውቅ ሴት እስከ ማታ አልተናገረችም። ገንዘቡ ሳይነካ ይኸው ተመልሶልሃል፤ የሐጅ ዲያብ ልጅ ፊትህ ይቆጥርልሃል። ያልተበላሸ ሰሌዳ «አሠራሁት» ብዬ ዋሽቼ አልወጣም፤ ለዚህ ሠላሳ ሰባት ዓመት አልቆምኩም።

በማግስቱ ዐም ሸኑዳ ጋ ሄድኩ። «የልጁ መልስ መጣ?» አለኝ። «መጣ፣ ያልተፈረመ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «የተፈረመችውስ?» አለ። «የትኛዋ?» አልኩት። «አይጣሏት ያልኩዎት፤ የዲሴምበሯ።»

ከሣጥን አውጥቼ አመጣሁለት። ያቺኑ ያልካትን አነበባት፦ ሰሌዳው በእኔ ዑህዳ ነው፤ ቢጫር፣ ቢሰበር፣ ቢቃጠል፣ ቢጠፋ በእኔ አንገት ነው። የመታወቂያ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ። አንተ ስትቀልድ ነበር አይደል? ሻርጃ ተቀምጠህ ይህ ቃል ቀልድ መሰለህ። ዐም ሸኑዳ ግን በዑህዳ ሲቀለድ አይቶ አያውቅም። «አብላ፣ ይሄ እኮ ርክክብ ነው» አለኝ። «ሰውዬው ተረክቧል። ከዲሴምበር ሁለት ጀምሮ ሰሌዳው በእርስዎ እጅ አይደለም።»

«ሕጉ ይቀበለዋል?» አልኩት።

«ፊርማው የእሱ መሆኑን ማረጋገጫ ካለ።»

መጀመሪያ ማረጋገጫ አጣሁ። ማሽን የጻፋቸውን ደብዳቤዎችህን አየሁ፤ አይሆኑም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ቤት ገብቼ ከመሳቢያ ሥር ያንን ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ሰርተፊኬት አወጣሁት። «በላቀ ውጤት»፤ ከሥሩ ፊርማህ፣ ከነማኅተሙ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወሰድናቸው፤ ዐም ሸኑዳ ራሱ አብሮኝ ሄደ፤ በሠላሳ ዓመት ከእቃ ቤቱ ርቆ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። የሕግ ክፍሉ ሰውዬ አጉሊ መነጽር አውጥቶ ዋው ፊደሏ ላይ ቆየ። የጭራዋን መጠምዘዝ አየ። «አንድ እጅ ነው» አለ። የድርጅቱ ኃላፊም አንተ፣ ተረካቢውም አንተ ሆነህ ተገኘህ።

እኔ ያንን ጭራ ላስተውህ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ደከምኩ። እንኳንም አልተውከው።

ስለዚህ ያ ሥልጠናህ ምንም አልጠቀመኝም አልልህም። ሰርተፊኬቱ አንድ ነገር ጠቅሞኛል።

መዝገቡ ላይ ስሜ ተሰርዟል፤ በቦታው ስምህ ገብቷል። ከጎኑ ያለው «መሥራት አቆመ» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ነው፤ እሱ ያንተ ነው። ለድርጅትህም በይፋ ይጻፋል አሉ፤ አምስት ዓመት ያላችሁትና ሦስት ወር የሆነው ለምን እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። እሱን እኔ አልጠየቅኩም፤ ወረቀቱ ራሱ እየሄደ ነው። ደብዳቤህን እንዳቃጥል ለምነኸኝ ነበር። አልቻልኩም፤ ዋናው መዝገብ ላይ ተለጥፏል።

ክሊራንሴን ትናንት ተቀበልኩ። አንድም ዕቃ አልጎደለብኝም።

በመጨረሻው ቀን ልጃገረዶቹን ወደ ግቢ አወጣኋቸው። ማሰሮውን ሞልቼ ጣና ባልነው ጥግ ያቺ የእናቷን ልብስ ጣሪያ ላይ ያየችውን ልጅ አቆምኳት። ጭቃ በጭቃ ሆኑ። ሰባቱንም ስሕተቶቼን ሠራሁ፤ ዐም ሸኑዳ ከደጁ ላይ ቆሞ ሲያይ ዋለ። ማሰሮዋንም አስፈርሞኝ ነበርና ሳስረክበው ገልብጦ አየና ፊርማዬን ሰረዘ።

ያዘንኩብህን ያህል እወድሃለሁ፤ ለዚህ ነው የጠላሁህ የመሰለኝ። ገጽ አርባ አንድን ማን እንደጻፈው እስካሁን አልመለስክልኝም። በስልክ እንዳትነግረኝ።

ለኢድ ስትመጣ እናትህ ደጅ ከመግባትህ በፊት እቃ ቤቱ ጎራ በል። ዐም ሸኑዳ የምትፈርምባት ቦታ ትቶልሃል፤ እስክሪብቶ እሱ ጋ አለ።

አክስትህ ኢንሺራህ